ቤዝ ጊታሪስቱ ኃይለ ገብርኤልና የፊተኛው አግዳሚ ወንበር

ኃይለ ገብርኤል በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን፣ የሮክ መዝሙር በሚጫወት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር መምታት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። መሣሪያውን መርጦ አልያዘውም። መሣሪያ በታደለበት ዕለት ከሐሙሲት የተሳፈረበት አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ ስላዘገየው፣ ባለ ስድስት ክሩን ጊታር ቀድሞ የደረሰ ወስዶት አገኘ፤ የተረፈው ባለ አራት ክሩ ብቻ ነበር። እናቱም ባዩት ጊዜ የቀሩትን ሁለት ክሮች ማን እንደ ወሰዳቸው ጠየቁት።

በዚህ ሙያ ዝና አይገኝም። ዘማሪዋ ሀኒ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ጉባኤው እልል ይላል፤ ኃይለ ገብርኤልን ግን ብዙዎች የድምፅ ማጉያው ጠባቂ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። እሱ ፈገግ ይላል እንጂ አይከራከርም፤ ልምምድም አያጓድልም።

ባለፈው ክረምት የሽማግሌዎች ሰብሳቢ አቶ ገድሉ የቤዙ ማጉያ የብዙ ሰው መቀመጫ መያዙን አስተዋሉ። ስለዚህ አንድ እሑድ ማጉያው ተዘግቶ ያለ ቤዝ እንዲዘመር ወሰኑ፤ ልዩነቱን የሚያስተውል ከጠፋ ማጉያው ወደ ዕቃ ቤት፣ ኃይለ ገብርኤልም ከምእመናኑ መካከል ሊገባ ነው።

ያን እሑድ ኃይለ ገብርኤል እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው ቸግሮት ከኋላ ተቀመጠ። ተዘመረ፤ እልልታውም ቀለጠ። በመጨረሻ አቶ ገድሉ የጎደለ ነገር ያስተዋለ ሰው እጁን እንዲያነሣ ጠየቁ። አንድም እጅ አልተነሣም። የሙያ ጓደኞቹ እንኳ ልዩነቱ አልተሰማቸውምና፣ እሱን ለማትረፍ ብለው መዋሸትን አልወደዱም፤ ቢያሳዝነውም አልፈረደባቸውም።

በዚህ ጊዜ እማማ የብርጓል ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ቆሙ። ጆሯቸው ከደነቈረ ቆይቷልና ጥያቄውን አልሰሙም። ሁልጊዜ ከማጉያው አጠገብ ሲቀመጡ ሰው ሁሉ መደገፊያ ፈልገው ይመስለው ነበር።

«ገድሉ ልጄ፣ ዛሬ ምነው መዝሙር ቀረ?» አሉ። «ስጠብቅ ዋልሁ እኮ።»

ጉባኤው ሳቀ። ሀኒ ቀርባ ወደ ጆሯቸው እየጮኸች፣ ሲዘመር እንደ ቆየ አስረዳቻቸው። እማማ አላመኑም። መዳፋቸውን በወንበሩ ጣውላ ላይ አሳረፉ።

«ወንበሩ ዝም ብሏል፤ ታዲያ የት ሆናችሁ ነው የዘመራችሁት?»

ሳቁ ቆመ። አቶ ገድሉ ወንበሩን ጥቂት አዩት፤ ከዚያም ወደ ኋላ ዞረው፣ «ኃይለ ገብርኤል፣ ሰክተህ ምታላቸው» አሉ።

ሁለት መዝሙር መታ። ጣውላው ነዘረ፤ የእማማ የብርጓልም ትከሻ ማሸብሸብ ጀመረ። ከጉባኤው መካከል አንዳንዱ መዳፉን በየወንበሩ ላይ አኑሮ ሲያዳምጥ ታየ።

ሲወጡ እማማ በሩ ላይ እጁን ያዙት። ምስጋና የጠበቀው ኃይለ ገብርኤል ጎንበስ አለላቸው።

«ሁለተኛው መዝሙር ላይ ቸኮልህ» አሉት።

ያን ሁሉ ዓመት ሲመታ ስሕተቱን የነገረው ሰው አልነበረም። ጉልበታቸውን ስሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ምሳ ሳይቀምስ ሁለተኛውን መዝሙር፣ በዝግታ፣ እንደ ገና ጀመረው።