ጥላዋን ፍለጋ ወደ አል አይን

እሁድ የዕረፍት ቀኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ካራማ ሰፈር፣ በሞግዚትነት በምሠራበት ቤት፣ ተኝቼ አሳልፈዋለሁ። ባለፈው እሁድ ግን አንድ የሙዚቃ ክሊፕ የተሠራበትን ቤት ለማየት ወደ አል አይን ከተማ ተነሳሁ።

ክሊፑን ሠላሳ ጊዜ ሳላየው አልቀርም። ዘፋኟ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቆማ ታንጎራጉራለች። ግድግዳው ላይ ያረፈው ጥላዋ ግን አይታዘዛትም፤ ይጨፍራል፣ ያኮርፋል፣ በመጨረሻ ጥሏት ይሄዳል። ሐበሾች ስለ ዘፈን በምንጽፍበት ገጽ ላይ፣ ክሊፑ ላይ የሰፈረውን የዳይሬክተር ስም ጠቅሼ፣ በኮምፒውተር ተአምር ሠራ ብዬ አሞገስኩት። በሦስተኛው ቀን ዘይነባ የምትባል የማላውቃት ሴት መልእክት ላከችልኝ፤ “ኮምፒውተር የለም እህቴ። ጥላዋ እኛ ቤት ናት፣ አል አይን፣ ዛኸር ሰፈር። መጥተሽ እያት።” አላመንኳትም። ብቻ ልቤም አላርፍ አለ።

ጠዋት 2 ሰዓት

አውቶቡሱ ሃያ አምስት ድርሃም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለው ዛፍና ከአጥር ወዲያ የሚግጡት ግመሎች አልተለዩኝም። አል አይን ሲቃረብ አሸዋው ወደ ቀይነት ተለወጠ። ከመናኸሪያው ታክሲ ይዤ ዛኸር ስደርስ ዘይነባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የደሴ ልጅ ናት፤ እዚህ ቤት ልጆች ስታሳድግ አሥራ አንድ ዓመቷ።

ረፋዱ 5 ሰዓት

ወደ ጣሪያው ይዛኝ ወጣችና ቁልቁል አሳየችኝ። ግቢው ነጭ ሴራሚክ ለብሷል። ክው አልኩ። ግድግዳ መስሎኝ የኖረው ወለሉ ነው! ዘፋኟ፣ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የዘይነባ ጓደኛ፣ ቆማ ሳይሆን ተኝታ ነበር። ጥላዋ ደግሞ አጠገቧ የተኛች፣ በጥቁር አባያ ፊቷን ጭምር የተሸፈነች ሌላ ሴት ናት። ዘይነባ ከላይ ሆና በስልኳ ቀርጻቸዋለች። ሥራውን ለአንድ አሳታሚ ስትልክለት የራሱን ስም ጽፎ አወጣው። እኔ ያሞገስኩት እሱን ነው። አፈርኩ።

“ማዳምሽ ሳታይ እንዴት ቀረጽሽው?” አልኳት።

ዘይነባ ሳትመልስልኝ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ከቤት ወደ ግቢው ወጡ። ቀና ብለው አይተውን ለዘይነባ በአረብኛ አንድ ነገር ነገሯት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተጋደሙ፤ ፊታቸውን ሸፍነው እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘረጉ።

“ማዳም ናት” አለች ዘይነባ። “‘ጥላዋ እኔ ነበርኩ፤ ይቺ ልጅ እንድታምን ተኝቼ ላሳያት’ ነው ያለችው።”

እኔ እኮ ማዳም ሰምታ ታባርራታለች ብዬ እየፈራሁላት ነበር የመጣሁት።

ማታ 1 ሰዓት

አል ካራማ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ያዝኩ። ክሊፕ ሳይ እንዴት ተሠራ እል ነበር እንጂ ማን ሠራው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ የተጻፈውን ስም ብቻ አምኜ እቀበል ነበር። ገጹ ላይ ለጻፍኩት ሙገሳ እርማት ጽፌ ጨርሼ፣ ከማውጣቴ በፊት ስምሽን ልጻፈው ወይ ብዬ ለዘይነባ ደወልኩላት። 

“ጻፊው” አለች። “ግን እስከ አያቴ አድርጊው።”

እስከ አያቷ ጻፍኩት።