ከአገዳ ክምር የወጣችው መኪና

ጦርነቱ ከሀብሩ ወረዳዋ መርሳ ከተማ ገፋ ባለ ሰሞን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኛትን ዓይነት ባለ ትልቅ ሞተር የድሮ የአሜሪካ መኪና የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ታድሳ ቀይ ተቀብታለች።

«ቀለሟ እንጂ ሞተሯ አልተነካም። ተዋጊም አልነዳት፤ ገጠር ወስደን የማሽላ አገዳ ከምረንባት ከረመች» አለኝ።

ተዋጊ ያልነዳት መኪና ዋጋዋ ሌላ ነው። ኮፈኑን አስከፍቼ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። አይጥ በሚርመሰመስበት የአገዳ ክምር ውስጥ ከርመውም የአይጥ ጥርስ አልነካቸውም።

«የሀብሩ አይጥ ጾመኛ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ወላሂ ጋሼ፣ እህሉ ሲዘረፍ አይጡም እንደኛው ተሰደደ!»

ከልቤ ሳቅሁ፤ ላምነውም ቃጥቶኝ ነበር። መልሱ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመጣው። ከእኔ በፊት ስለ አይጥ ጠይቀው፣ ስቀው፣ ሳይገዙ የሄዱ ሰዎች እንዳሉ ገባኝ። ኮፈኑን ከድኜ በባጃጅ ተመለስኩ።