የ1962ቱ የፍቺ መዝገብ

በ1974 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በወሎ ሰፈር እንደ ብርኽቲ አረጋዊ የተጣደፈ ሰው አልነበረም። ዕድሜዋ ሠላሳ ሰባት ነው። በአንድ የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሱሪ ትሰፋለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አፏም ከእጇ አያንስም። ልታገባው የተዘጋጀችው ዘርአይ እዚያው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ መካኒክ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንዲት ሱሪ አሳጥሩልኝ ብሎ አራት ጊዜ ተመላልሶባታል። በአራተኛው ጊዜ ሱሪው አጥሮ አጥሮ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መድረሱን አይታ፣

"አቶ ዘርአይ፣ የሚፈልጉት ሱሪ ነው ወይስ ሌላ ነገር?" አለችው።

"ሌላ ነገር ነው" አላት መሬት መሬቱን እያየ።

ሠርጉ ለእሑድ የካቲት 14 ተቆረጠ። የቅበላ እሑድ ናት፤ በማግሥቱ ሁዳዴ ይገባል። ያቺ ቀን ካመለጠች እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው። ብርኽቲ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንላትም።

ሰኞ ዕለት ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ቀበሌ ሄዱ። የቀበሌው ጸሐፊ የዘርአይን ሚስት የሞት ማስረጃ አገላብጦ አየና ወደ እሷ ዞረ።

"ከዚህ በፊት አግብተሽ ነበር?"

"ነበር። ተፋትቻለሁ።"

"ማስረጃ አለሽ?"

"ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ መኖሬ ማስረጃ አይሆንም? ጎረቤቶቼን ጠይቅ!"

"ጓድ ብርኽቲ፣ የፍርድ ቤት ግልባጭ ካላመጣሽ በወረቀት አሁንም የሰው ሚስት ነሽ። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን አምጪና እመዘግባችኋለሁ።"

ያለዚያ ምዝገባ ስሟ በዘርአይ የቀበሌ ቤት አይገባም፣ በቀበሌው ሱቅ ካርድም ላይ አይጻፍም። ፍቺው ሲወሰን የተሰጣትን ወረቀት የት እንዳደረገችው አታውቅም፤ ያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ወረቀት ሁሉ ለሷ አንድ ነበር። ከቀበሌው ሲወጡ ዘርአይ ፊቱ ጠቁሯል። እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋችና፣ "አራት ቀን አለን! አራት ቀን እኮ ብዙ ነው!" አለችው።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ፍርድ ቤት ሄደች። የተፋታችበት የወረዳ ፍርድ ቤት ከለውጡ በኋላ ታጥፎ መዝገቦቹ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ተዛውረዋል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ አብዱልገኒ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የወሎ ሰው ናቸው።

"ማመልከቻ ይጻፉልኝ፣ እመቤቴ" አሏት። "የእርስዎና የባልዎ ሙሉ ስም፣ የወሰነው ፍርድ ቤት፣ የመዝገቡ ቁጥር።"

"ቁጥሩን አላውቀውም።"

"እንግዲያው ዓመቱንና ወሩን።"

በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጥላ ሥር ተደርድረዋል። አንደኛው፣ "ነይ፣ ልጻፍልሽ" ብሎ ጠራት። "እኔው እጽፋለሁ!" አለችው፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ፊደል ከቆጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ምላሷን እየነከሰች ጻፈች። የፍቺው ጊዜ ሰኔ 1961 ነው ብላ ሞላች። ቴምብሩን ለጥፋ አስረከበች።

አቶ አብዱልገኒ የስልሳ አንዱን ባሕር መዝገብ አውጥተው ሰኔን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱ። በሷ ስም የለም። በባልየው ስም የለም። ሐምሌንም ግንቦትንም አዩላት።

"የለም" አሏት።

"አለ! እኔ እኮ ቆሜ ጣቴን ቀለም ነክሬ የፈረምኩበት ነው!"

"አምንዎታለሁ። ግን መዝገብ በእምነት አይገኝም።" መነጽራቸውን አወረዱ። "ሰውየው በሕይወት አለ? ግልባጭ ለሁለቱም ወገን ነው የሚሰጠው። እሱ ዘንድ ካለ ቁጥሩ እሱ ላይ ይገኛል።"

ሰውየው በሕይወት አለ። ተወልደ ገብረሰንበት ይባላል፤ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጉርድ ሾላ እንደሚኖር ታውቃለች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሲፋቱ ፍቺውን ላዩት ሽማግሌዎች ቃላቸውን የሰጡት ለየብቻ ነበርና፣ እሱ ስለሷ ምን እንዳለ አልሰማችም። በልቧ ግን "ልጅ አትወልድም ብሎ ከሰሰኝ" ብላ ስትቆጭ ኖራለች።

ማታ ለዘርአይ ነገረችው። ትንሽ አሰበና፣ "ሂጂ" አላት። "ልሸኝሽ?"

"አንተ ከመጣህ ነገሩ ይበዛል። ብቻዬን እወጣዋለሁ።"

ረቡዕ ጉርድ ሾላ ወርዳ ጠያይቃ በሩን አንኳኳች። የከፈተችላት ወጣት ሴት ናት፤ ሣባ፣ የተወልደ ሚስት። ብርኽቲ ስሟን ስትነግራት ሣባ ደንግጣ በሩን ይዛ ቀረች።

"ለጠብ አልመጣሁም፣ እኅቴ" አለች ብርኽቲ ቶሎ ብላ። "ልዳር ነው። የፍቺው ወረቀት ያስፈልገኛል።"

ሣባ እጆቿን አጨበጨበች። "ይግቡ፣ እትዬ ብርኽቲ! እኔም እኮ ይችኑ ወረቀት አምጣ እያልኩ ስምንት ዓመት ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት! እኛም በቀበሌ አልተመዘገብንም!"

ተወልደ ከጓዳ ብቅ አለ። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ሰላምታው አጠር ያለ ቢሆንም እጇን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ።

"ወረቀቱ መኪናዬ የተገለበጠ ጊዜ ጠፋ" አለ። "ደግሞስ ሰኔ ማን አለሽ? ጥቅምት ነው።"

"ሰኔ ነው! ዝናቡ ትዝ አይልህም?"

"ከአሰብ ስመለስ ነው የወሰኑት። ጥቅምት ነው!"

"ሰኔ!"

ሣባ መሐላቸው ገባች። "በሉ ነገ ሁለታችሁም ሂዱ፣ መዝገቡ ይፍረድ። ነገ ካልሆነ አይሆንም፤ ዓርብ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሙሉ ለየካቲት 12 ሰልፍ ይወጣል።"

ሐሙስ ጠዋት የቀድሞ ባልና ሚስት በአንድ አውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። አቶ አብዱልገኒ ብርኽቲን አይተው ፈገግ አሉ፤ ከኋላዋ የቆመውን ደግሞ፣

"ከባለቤትዎ ጋር መጡ?" አሏት።

"ባሌ አይደለም!" "ሚስቴ አይደለችም!" አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ።

"ይኸንኑ የሚል ወረቀት ነው የምንፈልገው" አለች ብርኽቲ።

አቶ አብዱልገኒ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ የስልሳ ሁለቱን ባሕር መዝገብ ተሸክመው መጡ። ብርኽቲ መጠበቅ አልቻለችም። "እኔ ልይ፣ አባቴ፤ ይፍቀዱልኝ" ብላ ጎንበስ አለች። መስከረም አለቀ። ጥቅምት አንድ፣ ሦስት፣ ሰባት። ጥቅምት ዐሥራ አንድ ላይ ጣቷ ቆመ።

"ብ… ር… ኽ… ቲ! ብርኽቲ አረጋዊ! እኔ ነኝ! ይኸው እኔ ነኝ!"

ከጎኑ ግን "ወልደ ገብረሰንበት" ይላል። ጸሐፊው "ተ"ን ዘሏታል። ከሥሩ፣ "ሰኔ 1961 ተከፍቶ ጥቅምት 1962 ተዘጋ" የሚል ተጽፏል።

"ሰኔ አላልኩህም?"

"ጥቅምት አላልኩሽም?"

አቶ አብዱልገኒ ፋይሉን ከመደርደሪያው አውርደው አቧራውን አራገፉ፤ ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። በስሙ ላይ ልዩነት ስላለ ያለ ሬጅስትራሯ ትእዛዝ ግልባጭ መስጠት አይችሉም። ይዘዋቸው ወደ ወይዘሮ ሃረገወይን ቢሮ ወጡ። ሬጅስትራሯ ፊታቸው የማይፈታ፣ ቃላቸው የተቆጠረ ሴት ናቸው። ተወልደን ውጭ አስወጡና ፋይሉን ከፍተው ብርኽቲን ጠየቋት። የት ተጋቡ? የፍቺው ሽማግሌዎች እነማን ነበሩ? ቤታችሁ የት ነበር? ከዚያ እሷን አስወጥተው እሱን አስገቡ። ብርኽቲ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች። እሱ መቼም ቀንና ስም አያስታውስም፤ ይህን በደንብ ታውቃለች። አሁን ሽማግሌ ኣፅብሃን ዘርአጽዮን ካለ አበቃልን!

በሩ ተከፈተ።

"ግቢ" አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። "ማይጨው፣ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፤ ሽማግሌ ኣፅብሃና ተኽላይ፤ ቤታችሁ ወሎ ሰፈር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ሁለታችሁም ያላችሁት አንድ ነው።" እስክሪብቷቸውን አነሡ። "መዝገቡ 'ሊስማሙ ስላልቻሉ' ይላል። ዛሬ ግን እንዲህ የተስማማ ቃል ሰምቼ አላውቅም።"

ትእዛዙን ጽፈው እስኪጨርሱ ፋይሉ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተከፍቶ ቆየ። ብርኽቲ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ የራሷን የጣት አሻራ አየች፤ ከዚያ የተወልደን ቃል። ፊደል በፊደል፣ በዝግታ፣ ድምፅዋን እያሰማች አነበበችው።

"'በሚስቴ… ላይ… አንድም… ቅሬታ የለኝም። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። ብቻዋን ቤት እየጠበቀች… ወጣትነቷ እንዲያልፍ… አልፈልግም።'"

ዞር ብላ አየችው። ተወልደ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

"እንዲህ ብለህ ነበር?"

"የጻፉት ይኸው ነው መሰለኝ።"

"ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፉ ተናገረብኝ ብዬ ስረግምህ ኖሬ!"

"ተሰምቶኛል" አለ ተወልደ። "ሁለት ጊዜ ተገልብጫለሁ።"

ብርኽቲ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፣ እሱንም በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንደገና ሳቀች። ወይዘሮ ሃረገወይን ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

የቀረው ታይፕ ማስመታቱ ነበር። ታይፒስቷ ለነገው ሰልፍ ልምምድ በዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች፤ ጊዜው ስምንት ተኩል ሆኗል። አቶ አብዱልገኒ ካርቦን ራሳቸው አስገቡላት፣ ለሁለቱም አንዳንድ ግልባጭ እንዲወጣ። ማሽኑ ሲንኳኳ ብርኽቲ ከጀርባ ቆማ እያንዳንዱን ቃል ተከታተለች። "'ተ' አለ? ተወልደ ሲባል 'ተ' ገብቷል?" እያለች ልጅቷን አስጨነቀቻት። በመጨረሻ "ከዋናው ጋር ትክክል ነው" የሚለው ማኅተም ሁለቱም ላይ አረፈ። ስለ መቀበሏ ፈርሚ ስትባል የማኅተሙን ቀለም ወደ ጣቷ ገፋ አደረጉላት። መልሳ ገፋችው፤ እስክሪብቶ ጠይቃ ሙሉ ስሟን ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከዘርአይ ጋር የቀበሌው ጸሐፊ ፊት ቀረበች። ግልባጩን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አድርጎ አየ፤ ከዚያ የጋብቻውን መዝገብ ገለጠላቸው። ዘርአይ ሲፈርም እጁን ከግራሶ ለማጽዳት በጋዝ እስኪላጥ አሽቶት ነበር። በዚያው ሰዓት ጉርድ ሾላ፣ ሣባና ተወልደም በራሳቸው ቀበሌ ይፈርሙ ነበር።

እሑድ ወደ ተጣለው ዳስ ተወልደና ሣባ ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ሰዉ ማን ናቸው እያለ ሲያንሾካሹክ፣ ብርኽቲ በሙሽራ ቀሚሷ ተነሥታ፣ "ዘመዶቼ ናቸው፤ ቦታ ስጧቸው!" አለች። ዘርአይ ሄዶ ተወልደን እጁን ይዞ ከጎኑ አስቀመጠው። ሁለቱ ሰዎች እስከ ማታ ድረስ ስለ ፊያት ሞተር ሲያወሩ ዋሉ።