ሰባ ስምንት ለሃያ ሰባት

ልብስ ሰፊው ቆርኪ ዋጠ ይባላል። እንዲያው ዝም ብሎ አይደለም የዋጠው። ዳማ ሲጫወት የመጨረሻዋ ጠጠሩ ልትበላ ስትል፣ ሌላ ሰው ከሚበላብኝ እኔው ልብላት ብሎ ነው አሉ። በሻይ ቤቱ በር በኩል የሚቀመጡት ወዲያው ክሊኒክ ተወስዶ ራጅ ተነሣ፣ ቆርኪዋም ከጎድን አጥንቱ ሥር እንደ ሜዳሊያ ቁጭ ብላ ታየች ይላሉ። በግድግዳው በኩል የሚቀመጡት ደግሞ የለስላሳው ስም ሳይቀር ራጁ ላይ ይነበብ ነበር ባይ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች በቀረው ይስማማሉ፦ ሰውየው ከሚስቱ ወንድም ጋር ተደባድቦ ላይነጋገር ምሏል፤ ዳማ እርም ብሏል፤ ቁጥር የሚባል ነገር ስላስጠላውም የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የሚተክለው ሳይቆጥር በግምት ነው።

ይህን ማመን ትንሽ ይከብዳል። ሰውየው የራስ ምታት ክኒን አራት ቦታ ሰብሮ፣ እያንዳንዷን ስባሪ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ የሚያወርድ ፍጡር ነው። ቆርኪ ደግሞ ዙሪያዋን ሃያ አንድ ጥርስ አላት። ሃያ አንድ መሆኑን ለሰፈሩ የነገረው እሱ ራሱ ነው፤ ቆጥሮ።

ሰፈሩ ሜትር ይለዋል። መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ለመታወቂያ ፎቶ የተነሣውም ከነመለኪያው ነው። ሱቁ በርዝመት አምስት እርምጃ፣ በወርድ ሁለት እርምጃ ተኩል ነው። በሩ አጠገብ የስፌት መኪናው፣ መሐል ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበትና የሚተኮስበት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ በመጋረጃ የተከለለች የመለኪያ ጥግ አለች። እዚያች ጥግ ያለው መስታወት ታችኛው ክፍሉ ከተሰበረ ቆይቷል። ደንበኛ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ያያል፤ የቀረውን ሜትርን አምኖ ይሄዳል።

የሚስቱ ወንድም ሦስት በር አልፎ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ካውያ ይጠግናል። እሱን ደግሞ ሬዲዮ ይሉታል፤ ሥራው ስለሆነ ሳይሆን ማጥፊያ ስለሌለው። ጥርስ ሲነቅሉት እንኳ ወሬውን አላቋረጠም ይባላል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል፣ የዓለም ጣጣ ሁሉ በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አድርገው ዳማ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጨርቅ ወደ ጎን ይገፋል፣ የኮምፔንሳቶው ገበታ ይዘረጋል። የሜትር ቆርኪዎች በጀርባቸው፣ የሬዲዮ በሆዳቸው ይደረደራሉ።

"እቺን ልመልሳት" ይላል ሬዲዮ።

"ትናንት አምስት መልሰሃል አንተ ሰው!"

"ትናንት ሌላ ቀን ነው። ትናንት እኮ ገና ልጅ ነበርኩ።"

ይስቃሉ። ይሰዳደባሉ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው አንድ ጠጠር ያነሣበታል። ሰባት ተኩል ሲል ሁለቱም "ዛሬ አሳየሁት!" እያሉ ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ለሜትር ከቀኑ ሰዓት ሁሉ ሰዓት የምትባለው ያቺ ነበረች። ሌላው ጊዜ ክር ነው፣ ደንበኛ ነው፣ "ለነገ ይደርሳል?" ነው።

ነገሩ የተበላሸው በሴት ልጁ ነው። ልጅቷ አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ታጠናቅራለች። ምሳ ላይ "አባዬ፣ ግን ከአንተና ከአጎቴ ማን ነው የሚያሸንፈው?" አለችው።

"እኔ ነኛ!"

"በቁጥር ስንት ለስንት?"

"ዳማ ምን ቁጥር አለው?"

"ታዲያ በምን አወቅክ?" አለችና፣ ሰዓት ረፍዶባት ስለነበር ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ጥያቄው ግን ሳይነቀል እንደተረሳ እስፒል ሰውየው ጎን ላይ ተሰክቶ ቀረ።

ሰኞ ዕለት ሜትር የልኬት ደብተሩን ገለጠ። የደንበኞች ወገብ፣ ትከሻና ርዝመት በተጻፈበት ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በየጨዋታው መጨረሻ ለራሱ አንድ ጭረት ወይም ለሬዲዮ አንድ ጭረት መጣል ጀመረ። ለማንም አልነገረም። ቅዳሜ ሲደምር አምስት ለራሱ፣ አሥራ ሦስት ለሬዲዮ ሆነ።

"መጥፎ ሳምንት ነው" አለ።

ሁለተኛውም ሳምንት መጥፎ ሆነ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ባሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሸናፊ ሆኖ የኖረ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ወደ ኋላ ሲሰላ፣ ሰባት ሺህ ጊዜ ያህል ተሸናፊ ሆኖ ተገኘ። የትኛው ደስታ የእውነት እንደነበረ መለየት አቃተው። ያኔ ሲስቅ የነበረው ምን አግኝቶ ነው?

ከዚያ በኋላ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋ። ጨርቅ ሳያስገባ የመኪናውን ፔዳል ይረግጣል፤ ሰፈሩ ሥራ የበዛለት ይመስለዋል። ራት ላይ ሹካውን ወደ ሚስቱ ሰሐን አሻግሮ አንድ ድንች እንደ ዳማ ጠጠር ዘልሎ ያነሣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ሱሪህ ውስጥ ገባ እንዴ?" አለች ሚስቱ።

"ወንድምሽ ልጅ ሆኖ ጎበዝ ነበር?"

"በምን?"

"በአጠቃላይ።"

"በአጠቃላይማ ያወራ ነበር" አለችና ድንቿን መለሰች።

በአራተኛው ሳምንት ሜትር ሕግ አወጣ። መመለስ የለም። የነካኸውን ትጫወታለህ። ወሬ የለም። የጠረጴዛ ሰዓትም አምጥቶ ገበታው አጠገብ አቆመ።

"ጋሼ" አለ ሬዲዮ፤ ሜትር በሁለት ዓመት ብቻ ስለሚበልጠው ጋሼ የሚለው ሊያሾፍበት ሲፈልግ ብቻ ነው። "ዳማ ነው ወይስ የመንጃ ፈቃድ ፈተና?"

"ዝም ብለህ ተጫወት።"

"ዝም ብዬማ እንዴት እጫወታለሁ? ዝም ካልኩ እኮ ያለሁ አይመስለኝም።"

እየተቁነጠነጠ ሁለት ሳምንት ታገሠ። ካለመናገር ብዛት ጉንጩ ያበጠ ይመስል ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ሜትር አንዲት ጠጠር ቀርታው፣ ሬዲዮ ሊበላት እጁን ሲዘረጋ፣ ሜትር ቀድሞ አነሣትና አፉ ውስጥ ከተታት። ክፋት አስቦ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ እስፒል በከንፈሩ የያዘ ሰው እጁ ላይ ያለውን ትንሽ ብረት ሁሉ የሚያስቀምጠው እዚያው ነው። በዚያች ቅጽበት ታዲያ ቲማቲም ሻጯ በበሩ አልፋ ነበር። ቆርኪዋ አፉ ስትገባ አየች፤ ስትወጣ ለማየት አልቆመችም።

"ትፋት!" አለ ሬዲዮ።

ተፋት።

"አሁን ምን ሆነህ ነው?"

ሜትር ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበና ሬዲዮ ሳያየው አንድ ጭረት ጫረ። ሬዲዮ ኮፍያውን አደረገ። "እንግዲህ እኔ ነገ ፀጉር ቤት ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ ገበታ አለው፤ ሰው ሲያወራም አይከሰስም" ብሎ ወጣ።

ሂሳቡ በዚያው ቆመ። ሰባ ስምንት ለሃያ ሰባት። ሜትርን ያንገበገበው ይኸው መቆሙ ነው። እየተጫወቱ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ነገ ሃያ ስምንት ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ሰባ ስምንቷ እንደ ደረቀ ጭቃ ተጣብቃ ቀረች። ብቻውን ከራሱ ጋር ተጫውቶ ለማስተካከል ሞከረ። ከራሱም ጋር ተሸነፈና ሁለቱም ሜትሮች ተኮራርፈው ከሰዓቱን ዋሉ።

ስድስት ተኩል በመጣ ቁጥር እግሩ ወደ ፀጉር ቤት ይወስደዋል። ዝም ብሎ መግባት ደግሞ ክብሩ አልፈቀደም። ስለዚህ ፀጉሩን ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተቆረጠ። በሳምንቱ ሲመጣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ዙሪያውን ፈለገ።

"ወንድሜ፣ ምኑን ልቁረጠው?"

"ጎን ጎኑን አስተካክለው።"

"ጎን ጎኑ እኮ ባለፈው ሄዷል።"

"እንግዲያው አበጥረው!"

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ የሚያየው ከኋላው የተዘረጋውን ገበታ ነው። ሬዲዮ ከአንድ ተራ ጠባቂ ጋር ይጫወታል። ይሸነፋል፣ ይስቃል፣ "እቺን ልመልሳት" ይላል። ከአፉ ቃል ይፈልቃል። ሜትር በፎጣው ሥር ጣቶቹን አጠፈ፤ ለማያውቀው ሰው አንድ፣ ለሬዲዮ ዜሮ። ማንም ሳያዝዘው።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሱሪያቸውን ሊሞክሩ መጡ። እኚህ ሰው ቁመታቸው የስልክ እንጨት ያስንቃል፤ ባንዲራ ሲሰቀል ከባንዲራው ጋር ፊት ለፊት ይተያያሉ። መጋረጃውን ዘግተው ሱሪውን አጠለቁ። እስከ ጉልበታቸው ድረስ በመስታወቱ አይተው "ግሩም ነው! ወገቡ ልክ፣ ዳሌው ልክ!" አሉ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ካልሲያቸው በሙሉ ይታያል። ከካልሲያቸው በላይም ብዙ እግር ይታያል።

"ሜትር፣ ይሄ ሱሪ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው ጋሼ።"

"ከዚህ በታች ያለሁትስ የማን ነኝ?"

ሜትር ደብተሩን ገለጠ። "ርዝመት" በሚለው ቃል ፊት አንድ መቶ አሥራ ሁለት ተብሎ በደብዛዛ እርሳስ ተጽፏል። ከጎኑ ደግሞ በደማቁ፣ ተከብቦ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ ሰባ ስምንት። የቆረጠው ሰባ ስምንቱን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ቁጥር ዓይኑ ገብቶ አያውቅም።

"ይቅርታ ጋሼ" አለ። "የሬዲዮን ሽንፈ... ማለቴ፣ የእኔን... በአዲስ ጨርቅ ሠርቼ አስረክባለሁ።"

ርዕሰ መምህሩ ራሱን ሲያዩት ፀጉር የለም፣ ደብተሩን ሲያዩት ጭረት በጭረት ነው። "እረፍት ውሰድ ልጄ" ብለው በአሮጌ ሱሪያቸው ሄዱ።

ሜትር እረፍት አልወሰደም። ገበታውን በአንድ ብብቱ፣ ደብተሩን በሌላው ይዞ ሬዲዮ ሱቅ ገባ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሬዲዮን የአንድ ካውያ ሆድ ከፍቶ ሲያዋራው አገኘው።

"ና ተጫወት" አለው ሜትር።

"ሕጉስ?"

"ሕግ የለም። ይኸው፣ ሁሉ ነገር እዚህ ነው።" ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለለት።

ሬዲዮ ገለጠ። አገላበጠ። "ይሄ ምንድን ነው? ሰባ ስምንት ማን ነው?"

"አንተ ነህ።"

"እኔ? ሰባ ስምንት ጊዜ?! ጋሼ፣ እኔ እኮ እኩል ለእኩል ነን ብዬ ነው የኖርኩት! ሰው ሰባ ስምንት ጊዜ ሲያሸንፍ አንድ ቀን አይነገረውም?"

"አሁን ነገርኩህ። ደርድር።"

ደረደሩ። ሬዲዮ የመጀመሪያውን ጠጠር ገፋ። ሁለተኛውን ሊገፋ እጁን ዘረጋና መለሰ። አገጩን ያዘ። አሰበ። ሜትር ወሬውን ጠበቀ፤ አልመጣም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፤ ሬዲዮ ጸጥ። ገበታውን ሳይሆን ደብተሩን በጎን እያየ፣ ሰባ ስምንቷን እንዳትሰበርበት እንደ እንቁላል ታቅፎ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሜትር በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደንግጦ አያውቅም።

"ተናገር እንጂ!"

"ሽሽ... እያሰብኩ ነው።"

"ምኑን ነው የምታስበው? አንተ አስበህ ታውቃለህ? ስድብ አምጣ!"

ሬዲዮ ከፍርሃቱ ብዛት ማንም ሕፃን የማይገፋትን ጠጠር ገፋ። ሜትር ሦስት ባንዴ በላ። ሬዲዮ ብድግ ብሎ "ይሄን ደብተር ከፊቴ አንሣልኝ! እጄን አሰረብኝ እኮ!" ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ተጣሉ ብሎ የመሰከረው ይህን ጩኸት ሰምቶ ነው።

ሜትር ደብተሩን አነሣ፤ ሊቀድደው ግን አልቻለም። የሰው ወገብ አለበት።

"እሺ፣ ምን ይሻላል?" አለ። "ካልጻፍኩም እኮ ቁጥሩ እዚህ ይጮህብኛል" ብሎ ጭንቅላቱን ነካ።

"ስጠኝ እርሳሱን። የተሸነፈው ይጻፍ። ቁጥር ግን አይጻፍ፤ ለምን እንደተሸነፈ ይጻፍ" አለ ሬዲዮ፣ ምላሱ ተመልሶለት። በዚያውም ቁጭ ብሎ ጻፈ፦ "ማክሰኞ። የተሸነፍኩት የዚህ ሰውዬ መላጣ ስላብረቀረቀብኝ ነው።"

ሜትር አነበበና ሳቀ። በስምንት ሳምንቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ካውያው እንኳ የተነቃነቀ መሰለ።

አሁን ስድስት ተኩል ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። በደብተሩ ኅዳግ ላይ ዝንብ ገባብኝ፣ ምራቁ ዓይኔን አጠፋው፣ ሚስቴ የእሱ እህት ስለሆነች ነው፣ የሚሉ ምክንያቶች ተሰልፈዋል። እውነቱን ለመናገር ሜትር ዛሬም አላረፈም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ማንም ትእዛዝ ይደምራቸዋል፦ ዘጠኝ ዝንብ፣ አራት ምራቅ፣ ስድስት እህት። እግሩም ፔዳሉ ላይ እንደነበረው ይርገበገባል።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሴት የቀሚስ ዚፕ ልታስቀይር መጣች። ከሌላ ሰፈር ናት፤ ወሬው ግን እዚያም ደርሷል። ቀሚሱን አስረክባ ሆዱን በአዘኔታ አየችው።

"ወንድሜ፣ ያ ነገር ወጣልህ?"

"ምኑ?"

"ቆርኪው ነዋ። ከአማችህ ጋር ተጣልተህ፣ ዳማም እርም ብለህ፣ ቁጥርም ጠልተህ... ሰምተናል፣ ያጋጥማል።"

ሜትር እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣ።

"እመቤቴ፣ ቆርኪ አልዋጥኩም። ራጅ የሚባል ተነሥቼ አላውቅም። ከሬዲዮ ጋር አንዲት ቀን አልተጣላሁም። ዳማ ዛሬም እጫወታለሁ፤ መቁጠርም አልተውኩም፣ የመተውም ሐሳብ የለኝም። አንድም ቃል እውነት የለውም።"