ስለ ቪዮላ እንዳታነሱ

ቪዮላ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ያስተማረኝ መምህር ደጀኔ ሲያርፍ ቀብሩ ላይ ስላልደረስን፣ ለአርባው ተዝካር ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆነን ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሰቆጣ ሄድን። ዳሱ በር ላይ እህቱ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«አባታችን ቄስ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደሚያስተምር ነው። አደራህን፣ ስለ ቪዮላ እንዳታነሱ።»

ለሌሎቹ ሳልነግራቸው አንዱ ባልደረባው ተነሥቶ መናገር ጀመረ። «ዜማ ሲያስተምር ትዕግሥቱ ለብቻው ነበር» ሲል እፎይ አልኩ። ቀጥላ የተነሣችው ሴት ግን «ጣቶቹማ ተአምር ነበሩ» አለች። ቄሱ ቀና ብለው አዩአት። አግዳሚው ላይ እየተቁነጠነጥኩ በዓይኔ ብጠቅሳትም ልብ አላለችኝም። ሆን ብዬ ሳልኩ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ አዝነው ውኃ አቀበሉኝ። ውኃውን ገና ሳልጨርስ ሌላው ተነሣና፣ «መድረክ ላይ ወጥቶ ቪዮላውን አገጩ ሥር ሲያደርግ አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር» ብሎት አረፈ።

እህቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ቄሱ በእጃቸው ጠሩኝ፤ ሄጄ አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ።

«ቪዮላ የሚሉት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

መዋሸት አቃተኝ። «እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ነው፣ አባ። ክሩ ግን አራት ነው።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ማሲንቆ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ለእናቱም ለእህቱም እንዳትነግር ብዬው ነበር።»