ኪራዬን የበሉት ሽማግሌዎች

ደባርቅ ውስጥ የኪራይ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ ያልፈለገ አያውቀውም። ስድስት ዓመት አምባራስ ገጠር አስተምሬ ወደ ከተማ ስዛወር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳባት ካለው የእህቴ ቤት እየተመላለስኩ የሰው ደጅ ስጠና ከረምኩ። አንዷ አከራይ "ብቻሽን ከሆንሽ ወንድ ይመጣብሻል" ብላ ከለከለችኝ። ሌላዋ ደግሞ "ብቻሽን ከሆንሽ ማን በር ይዘጋልሻል" ብላ ከለከለችኝ። ተጋግዘው ቢወስኑልኝ እንኳ ደግ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘሁት ክፍል አንድ መስኮትና የራሱ ቁልፍ ነበረው። አምባራስ ሳለሁ የምተኛው ከሁለት አስተማሪዎችና ከትምህርት ቤቱ የጠመኔ ካርቶኖች ጋር ስለነበር፣ በሩን ቆልፌ ብቻዬን መቀመጥ ብርቅ ሆነብኝ። ያንን ክፍል የሚነጥቀኝ ሰው ቢመጣ ተናክሼም ቢሆን አልለቅም ብዬ ነበር።

አከራዬ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በሬን አንኳኩና "ልጄ፣ የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ደረሰ። ጠላ የሚጠምቅልኝም፣ ወጥ የሚሠራልኝም የለም። ድግሱን አንቺ አውጪልኝና የሦስት ወር ኪራይ ይሁንልሽ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ወረቀት ላይ እናስፍረው ብል ምን እባላለሁ? የመልአክ ድግስ በውል ሲጻፍ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ለሌላው ግን አልጠየቅም።

ደገስኩ። የገብሱን ጠላ ስጠምቅ፣ በጉን ሳሳርድ፣ ወጡን ሳማስል ወገቤ ተቆረጠ። ማኅበርተኛው መጣ፤ በላ፤ ጠጣ። ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ወጥ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። የማኅበሩ ቄስ ብርሌ የሚያህል ጽዋ ይጠብቁ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ በትልቁ ጣሳ ቀዳሁላቸውና "እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥተን አናውቅም" ብለው መረቁኝ። ሌሎቹም ተቀብለው "አናውቅም፣ አናውቅም" አሉ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። አከራዬ ጥግ ተቀምጠው ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሱኝ። "ጋሼ እንዴት አደሩ" ስላቸው ወደ አጥሩ ዞረው ያጉረመርማሉ። እርጅና ነው ብዬ ተውኳቸው። ሦስት ወሩ እንዳለቀ፣ የአራተኛውን ብር ይዤ ልሰጣቸው ስል፣ በበሬ ስር አንድ ወረቀት ገብቶ አገኘሁ። ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈው ነው፤ "ተከራይዋ የሦስት ወር ኪራይ ባለመክፈሏ ቤቱን በአስር ቀን ውስጥ ለቅቃ እንድትወጣልኝ" ይላል። ደሜ ፈላ።

ሄጄ "ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"የተጻፈው ነው።"

"ድግሱስ?"

"ድግሱ የመልአኩ ነው፤ ኪራዩ የኔ ነው" ብለው በሩን ዘጉብኝ።

በነጋታው ቀበሌ ሄጄ ከሰስኩ። ጸሐፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ" አለኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በአከራዬ ሳሎን ተሰበሰቡ። ገብቼ ሳይ አንደኛው ሙሴው ናቸው። ሁለተኛው ቄሱ። ሦስተኛው፣ ከአከራዬ ቀጥሎ ተራቸውን ያወጡት በግ ነጋዴ። ሳቄ መጣ፤ በነጠላዬ አፈንኩት።

ሙሴው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ከፍለሻል ወይስ አልከፈልሽም?" አሉኝ።

"ከፍያለሁ።"

"ለማን?"

"ለእናንተ። ኪራዬ በሦስታችሁም ሆድ ውስጥ ነው የገባው። ምስክር ልጥራ ብል የምጠራው ዳኞቹን ነው።"

በግ ነጋዴው ቀስ ብለው "እኛ የበላነው ኪራይ መሆኑን ማን ነገረን? ብናውቅ በልክ እንበላ ነበር" አሉ። ቄሱ ወደ ሙሴው አዩ፤ ሙሴው ወደ መሬት አዩ።

አከራዬ "በፈቃዷ ነው የደገሰችው፤ በረከቱን ወስዳለች። በረከት ወስዳ ኪራይም ልታስቀር ነው?" አሉ።

እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። "መልካም፤ ድግሱ የኔ ከሆነ ጋሼ ተራቸውን አላወጡም ማለት ነው። ተራውን ያላወጣ ምን ይደረጋል?" ስል ሙሴውን ጠየቅሁ።

ለሙሴው ደንብ ማለት ነፍሳቸው ነው። ቀና ብለው "መቀጫ አለበት። ጽዋውንም ለቀጣዩ ማስተላለፍ አይችልም" አሉ።

በግ ነጋዴው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ቆይ፣ ቆይ። እኔ ታዲያ ጽዋውን የተቀበልኩት ከማን ነው? ማኅበርተኛ ካልሆነች ልጅ? የኔም አልተቆጠረም በሉኛ! ሁለት በግ አርጄ!" ከእሳቸው በኋላ ያወጡት ሰውም ሊፈርስባቸው ነው። ቄሱ ከዓመቱ መጀመሪያ አንስተው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የኔ ክፍል ተረሳ፤ ማኅበሩ በሙሉ ሊናድ ሆነ።

በመጨረሻ ሙሴው አጨብጭበው ዝም አሰኙና ወደ አከራዬ ዞሩ። "በል ንገረን፤ ድግሱ ያንተ ነው ወይስ የሷ?"

መውጫ የላቸውም። አሸነፍኩ ብዬ እግሬን አጣመርኩ።

አከራዬ መዳፋቸውን አዩ። "የኔ ነው" አሉ። "የኔ ነው እንጂ። ያንን ድግስ ዕድሜ ልኳን ስታወጣ የኖረችው ባለቤቴ ነች። እዚሁ ቤት ስትቀዳላችሁ ነው ያረጃችሁት። እናንተ ግን 'እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥተን አናውቅም' አላችሁ። አናውቅም አላችሁ። አንድ ሰው እንኳ እሷን አላነሳትም። ከዚያ ወዲያ ይቺን ልጅ ግቢዬ ውስጥ ማየት አቃተኝ።"

አፈርኩ። ቤቴን ለማዳን ብዬ ያንን ሁሉ ስቀባጥር፣ በዚያ ቀን ደግሞ በምርቃት ስሰክር፣ እኚህ ሰው ጥግ ላይ ምን ሆነው እንደተቀመጡ አንዴ እንኳ አላየሁም ነበር። ለቅቄ ብወጣም ሌላ ኪራይ ቤት ይገኛል፤ እስከዚያው ወደ እህቴ ዳባት መኪና አለ።

"ጋሼ" አልኳቸው፤ "የባለቤትዎ የክርስትና ስም ማን ነበር?"

ቀና ብለው አዩኝ። ስሟን ነገሩኝ። ቄሱ ተነሡ፤ ሁላችንም ተነሣን። በስሟ ጠርተው ነፍሷን ከደጋጎቹ ጎን እንዲያሳርፍላት ጸለዩ፤ አሜን አልን። በግ ነጋዴው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስንቀመጥ ሙሴው ደንባቸውን አልረሱም፤ "እንግዲህ ወደ ኪራዩ እንመለስ" አሉ።

አከራዬ "የምን ኪራይ?" አሉ።