ወንፈል ፐርዝ ገባ

ጎንደር አጠገብ ካለችው ከተማችን ከትክል ድንጋይ የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ አባቴ ገጀራዬን በጨርቅ ጠቅልለው የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። «ሰው አገር መሣሪያ ማን ያውስሃል?» ብለው። በማግስቱ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ መዘዘውና «ወንድሜ፣ አውሮፕላኑን ልትመነጥረው ነው?» አለኝ። ተሳሳቅን፤ ገጀራው ግን እዚያው ቀረ።

ያረፍኩት አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ነው። ፀሐዩ የቆላ ነው፣ ዝናቡ ስስታም፤ ጎረቤትን ሰላም ስትሉት ስለ አየሩ ይነግራችሁና በሩን ይዘጋል። አራት ዓመት ሥጋ ፋብሪካ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን በሙሉ የመሬት ምንጠራ ፍራንቻይዝ ገዛሁበት። ፍራንቻይዝ ማለት የሰው ስምና አሠራር ተከራይቶ በራስ ጉልበት መሥራት ነው፤ ማኪናውም መጋዙም ኪሳራውም ያንተ። ምንጠራ ደግሞ ከልጅነቴ የማውቀው ሥራ ነውና ማን ያስተምረኛል አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች በወንፈል ሠራኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት የጎንደር ልጆች መጥተው ያግዙኛል፤ እኔም በተራዬ የእነሱን አጥር አጥራለሁ፣ ዕቃቸውን አጓጉዛለሁ። እየዘፈንን ሸጋ አድርገን እንጨርሳለን። ዋጋዬ ርካሽ ስለሆነ ደንበኛ ጎረፈ።

ይኼኔ ዋናው ቢሮ ሊንዳ የምትባል ተቆጣጣሪ ላከብኝ። ወረቀቴን ገለጠች።

«የሠራተኛ ክፍያ ዜሮ ይላል። ዛፉን ማን ቆረጠው?»

«ጓደኞቼ።»

«በስንት?»

«በወንፈል። ቀናቸውን እመልሳለሁ።»

«ይሄ በግ የሚለውስ?»

«ምሳቸው ነዋ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ሥራው ባይኖር የማይወጣ ወጪ ሁሉ የሥራው ወጪ ነው። የቢሮ ኪራይ ብትሠራም ባትሠራም ትከፍላለህ። ነዳጅ፣ የመጋዝ ሰንሰለት፣ የሰው ጉልበት ግን ሥራው ሲኖር ነው የሚወጣው። አንተ ትልቁን ትተህ በጉን ጽፈሃል! ጓደኞችህ የቀሩ ቀንስ? ቀጣዩ ሥራ ከከሰረ ፈቃድህን እንነጥቅሃለን።»

«አይቀሩም» አልኳት ኮራ ብዬ።

ቀሩ። ቅዳሜው ለካ ኅዳር ሚካኤል ነው። ስደውል ሰባቱም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። «ምነው፣ በሚካኤል ቀን ዛፍ ቁረጡ ትለናለህ?» አሉኝ። እኔው አፈርኩ።

ደግነቱ፣ በቃል ርካሽ ዋጋ ከነገርኳቸው ባለመሬት ሽማግሌ ጋር የቀጣዩን ሥራ ውል የምንፈርመው በዚያው ጠዋት ነበር። የአራት ዓመት ላቤ ሊቀልጥ ነው ብዬ ቁጭ አልኩና የሰባት ሰው የቀን ክፍያ፣ ነዳጁን፣ ሰንሰለቱን፣ ምሳውንም ደምሬ ጻፍኩ። ዋጋው እጥፍ ሆነ። ለባለመሬቱ ሽማግሌ፣ ሥራው ሰኞ እንደሚጀመር ነግሬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ሌሎቹም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው» አሉኝ። «ያንተ ሲረክስብኝ እንጨቴን ልትሰርቀኝ መስሎኝ ነበር።» ፈረሙ።

ሰኞ ልጆቹ መጡ፤ ሲከፈላቸው ቅር አላቸው፣ ዘፈናቸውን ግን አልተዉም። ሥራው አተረፈ፣ ፈቃዴም ተረፈልኝ።

ደስ ብሎኝ አባቴ ጋ ደወልኩ። እሳቸውም ከቤታችን በላይ ያለውን ጠፍ መሬት አስመንጥረው ኖሯል።

«አባባ፣ ለሠራተኛ ስንት ወጣብዎ?»

«የምን ሠራተኛ? ወንፈል ነዋ። ሰባት ጎረቤት መጣልኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ቀናቸውን እንዴት ሊመልሱ ነው?»

«አንተ ትመልሳለህ ብዬ ነዋ የጠራኋቸው» አሉ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ። «ሰባት ቀን አለብህ።»

«እሺ፣ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ብዕር አነሳሁ። ሊንዳ በሰጠችኝ ቅጽ ላይ ይህን ወጪ የምጽፍበት መስመር ፈልጌ አጣሁ።